የገንዳው ብርሃን ልክ

አሽዶድ፣ ሮቫ ቫቭ
እሑድ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 2022

ይድረስ ለልጄ ለማላኪ አንዳርጌ፤

ባሕሩ እንዴት ይዞሃል? እኔ ለእስራኤል አምላክ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። አክስትህ ካሰችም ደኅና ናት። አርብ አርብ ከእሷ ሰፈር ከሮቫ አሌፍ በአውቶቡስ ትመጣለች፤ ታበስልልኛለች፣ ትጨቀጭቀኛለች፣ ከዚያ ሰንበት ሳይገባ ወደ ቤቷ ትሮጣለች። ደብዳቤህን ከመርከብ ድርጅቱ ቢሮ ሬቩታል የምትባለዋ ጸሐፊ አትማ ሰጥታኛለች። ይህንንም ወስጄ እሰጣታለሁ፤ ፎቶ አንስታ ወደ መርከብህ ትልከዋለች። በስልክ እናውራ ያልኸውን ግን ተወው። ድምፅህ እየተቆራረጠ ግማሹን ነፋስ ይወስደዋል፤ ወረቀት ይሻላል።

አሁን የጠየቅኸኝን ልመልስ። በመስተዋት ገንዳህ ውስጥ ዓሣዎቹ አሉ። አልሞግ የምትላቸው፣ እንስሳ ይሁኑ አበባ እስከ ዛሬ ያልገባኝ የባሕር ፍጥረቶችም በየድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ውኃው ሲጎድል እንዳሳየኸኝ እሞላለሁ። ብርሃኑ ስንት ላይ ነው ላልኸው፣ ሰማያዊውን መብራት አልነካሁትም፤ ስልሳ ላይ እንደተውኸው ነው። ነጩን ግን ከአሥራ አምስት ወደ አርባ ከፍ አድርጌዋለሁ። አትቆጣ፤ ምክንያት አለኝ።

አንተ መብራቱን በሰዓት አስረህ በሰንበትም ራሱ እንዲበራ ትፈልግ ነበር። በእኔ ቤት ይህ እንደማይሆን ታውቃለህ። በአገራችን አርብ ጀምበር ሳትጠልቅ ፍም እንኳ በውኃ ይጠፋ ነበር። እዚህ ብዙው ሰው ልማዱን ትቷል፤ እኔ አልተውሁም። ስለዚህ አርብ አጠፋዋለሁ፤ ቅዳሜ ማታ ከዋክብት ሲወጡ አበራዋለሁ። ፍጥረቶቹ አንድ ቀን ሙሉ ያለ ብርሃን ይውላሉ። ታዲያ ጾሞ የዋለ ሰው ሲፈታ ደኅና አድርጎ አይበላም? እኔም ለዚያ ነው የጨመርሁላቸው። ደግሞም ገንዳው ጨለምለም ብሎብኛል።

ስለ ዓይኔ ጠብታም ጠይቀኸኛል። ሐኪሟ ከአራት ዓመት በፊት ግላውኮማ፣ የዓይን ግፊት ነው ብላለች፤ ያለችውን ብላለች። እኔን ግን የሚያመኝ ነገር የለም። ሌላ ጨዋታ እንጫወት።

አባትህ አንዳርጌ አሳምነው

•

ከሲንጋፖር ወደብ
ኖቬምበር 13 ቀን 2022

ለምወድዎ አባቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ ደኅና ነኝ። ሥራው ያው ነው፤ የመርከብ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሙቀት ውስጥ ገብቶ ሽቦ ይፈትሻል፣ ወጥቶ ላቡን ይጠርጋል። ሳይጠይቁኝ ልንገርዎ፣ እዚህ የሚበላው ምግብ ጥሩ ነው፤ አልከሳሁም።

አባባ፣ ስለ ሰንበት አልቆጣም። ቤቱ የእርስዎ ነው። አልሞግ አንድ ቀን ጨለማ ቢውል አይሞትም፤ በባሕርም ደመና አለ። የሚገድለው ለማካካሻ የሚጨመረው ብርሃን ነው። እነዚህ ፍጥረቶች በሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማትታይ አረንጓዴ ነገር ያኖራሉ፤ እሷ ናት ከብርሃን ምግብ እየሠራች የምታበላቸው፣ ቀለማቸውም ከእሷ ነው። ብርሃን በአንድ ጊዜ ሲበዛባት ትመረዛለች፤ እነሱም አውጥተው ይጥሏታል። ከዚያ ይነጣሉ፣ ይራባሉ፣ ይሞታሉ። ለዚህ ነው እኔ ስጨምር በሳምንት ከአምስት በላይ የማልጨምረው። ሲያዩት ደብዘዝ ያለ ይመስላል፤ ለእነሱ ግን ልክ ነው። የብርሃን ልክ በእኛ ዓይን አይለካም።

እባክዎ ነጩን ወደ አሥራ አምስት ይመልሱልኝ። ከዚያ በገንዳው ሥር ካለው መሳቢያ መለኪያውን ያውጡ፤ ረጅም ገመድና ጫፉ ላይ ክብ ነጭ ራስ ያለው ነው። ራሱን መካከለኛው ድንጋይ አጠገብ ይንከሩትና ቁጥሩን ይጻፉልኝ። ከመቶ እስከ መቶ ሃምሳ ከሆነ እንቅልፌን እተኛለሁ። ገንዳውን ከእናቴ ጋር እንደጀመርነው ያውቃሉ፤ በመጨረሻዋ ዓመት አልጋዋን ወደዚያ አዙረን ነበር። ከእሷ በእጄ የቀረ ሕይወት ያለው ነገር እሱ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ላንሳ፤ አይቀየሙኝ። የእጅ ጽሑፍዎ ምን ሆኖ ነው? ፊደሉ ገዝፏል፣ መስመሩም አንዱ በሌላው ላይ ወጥቷል። በሱዳን መጠለያ አሸዋ ላይ ፊደል ሲያስቆጥሩኝ እኮ አንድ መስመር ባጣምም ጆሮዬን ይቆነጥጡኝ ነበር። ጠብታውን ያደርጋሉ? አዎ ወይም አይደለም ይበሉኝ።

ልጅዎ ማላኪ

•

አሽዶድ፣ ሮቫ ቫቭ
እሑድ፣ ኖቬምበር 27 ቀን 2022

ይድረስ ለልጄ ለማላኪ፤

ስላቆየሁህ ይቅርታ አድርግልኝ። ሬቩታል ቢሮ ሁለት ጊዜ ሄጄ ዘግታ አገኘኋት። ይህን የምጽፍበት እስክሪብቶም የማይረባ ነው፤ ወፍራም ነው፣ ቀለም ይተፋል። ስለ ጽሑፌ ያልኸው ከዚያ የመጣ ነው። ጆሮህንም መቆንጠጤ ደግ ነው፤ ባልቆነጥጥህ ዛሬ የሚነበብ ነገር አትጽፍም ነበር።

ለስግድ በዓል ኢየሩሳሌም እንዳልወጣሁ ሰምተህ ይሆናል። ወሬ አቀባይህ ካሰች መሆኗን አውቃለሁ። ጉልበቴን አሞኝ ነው። ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ደረጃው ብዙ ነው፤ ሽማግሌ ቤቱ ሆኖም መጸለይ ይችላል። ግንባሬ ላይ ያለው እብጠት የቁም ሳጥን በር የመታኝ ነው፤ እሱንም ነግራህ ከሆነ ቁስሉ ደርቋል።

ነጩን ወደ አሥራ አምስት መልሻለሁ። መለኪያውንም ባልኸው ቦታ ነከርሁት። መቶ ሃያ ይላል። ባለፈው ሳምንትም መቶ ሃያ፣ ትናንት ማታ ሰንበት ከወጣም በኋላ መቶ ሃያ። ስለዚህ ተኛ። ፍጥረቶችህ እንዲያውም አምሮባቸዋል። ድሮ ደብዛዛ የነበሩት አሁን እንደታጠበ ጥጥ ነጣ ብለው በጉልህ ይታዩኛል። ካሰች አይታ «ወየው፣ ምን ሆነው ነው?» አለች። እሷ ስለ ባሕር ምን ታውቃለች፤ ዓሣ የምታውቀው በቆርቆሮ ነው።

አዎ ወይም አይደለም በል ላልኸው፣ አባትን እንዲህ አይጠይቁም።

አባትህ አንዳር

•

በባሕር ላይ
ዲሴምበር 4 ቀን 2022

ለምወድዎ አባቴ፤

ሰላምታዬን ዛሬ አሳጥረዋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ነጭ መሆናቸው ማማር አይደለም። አባባ፣ የነጣ አልሞግ የተራበ ነው። አንዳንዱ ብርሃኑ ቶሎ ከተቀነሰለት ነፍስ ይዘራል፤ ሳምንታት ካለፉ ግን አይመለስም። የማይገባኝ ቁጥሩ ነው። በመቶ ሃያ እንደማይነጡ አሥራ ሁለት ዓመት ስላኖርኋቸው አውቃለሁ። ምናልባት ሙቀቱ ይሆን? ወይስ ጨዉ

ጽሑፉን እዚህ አቁሜ ወደ ሥራ ሄጄ ነበር። አሁን ተመልሻለሁ።

የመርከቡን መብራት ልፈትሽ የመሣሪያ ቦርሳዬን እስከ ታች ገለበጥሁት። ሥሩ ላይ በጥቁር ከረጢት ውስጥ የገንዳው መለኪያ ተቀምጧል። ክብ ነጭ ራሱ፣ ገመዱ፣ ሁሉም። ስነሳ ከሥራ መሣሪያዎቼ ጋር ተቀላቅሎ አምጥቼዋለሁ። ይኸው ሦስተኛ ወሩ፣ እኔ ዘንድ ነው።

ታዲያ ያን ቁጥር ከየት አነበቡት?

አባባ፣ አልተቆጣሁም። ፈርቻለሁ። በሕይወቴ አንድም ቀን ዋሽተውኝ አያውቁም ብዬ አምን ነበር። አሁን ደብዳቤዎችዎን አንድ ላይ ዘርግቼ ሳያቸው ሌላ ነገር አየሁ። ገንዳው ጨለምለም አለብኝ ብለዋል። ኢየሩሳሌም ደረጃ አለው ብለዋል። የቁም ሳጥን በር መታኝ ብለዋል። የመጨረሻው ደብዳቤ ላይ ደግሞ ስምዎን የጻፉት ከወረቀቱ ጠርዝ ውጭ ነው፤ «ጌ» የለችም፣ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ቀርታለች ማለት ነው።

ስለ አልሞጎቹ አይደለም የምጠይቅዎ። ምን ያህል ያያሉ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ይህ በሽታ የወሰደውን አይመልስም፤ የቀረውን ግን ማቆየት ይቻላል፤ ጊዜ ካለ።

ማላኪ

•

አሽዶድ፣ ሮቫ ቫቭ
ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 13 ቀን 2022

ልጄ ማላኪ፤

ደብዳቤህን ሬቩታል በትልቁ አትማልኝ በማጉያ መስተዋት አንድ አንድ ቃል እየለቀምሁ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። «ፈርቻለሁ» የምትለው ቃል ላይ ስደርስ መስተዋቱን አስቀመጥሁት። ልጅን ማስፈራት ለአባት ነውር ነው። ይቅር በለኝ።

ምን ያህል ታያለህ ብለኸኛል። በግራ ዓይኔ ምንም። ከፋሲካ ወዲህ ምንም። በቀኙ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ በምታህል ትንሽ ቦታ አያለሁ፤ ዳር ዳሩ ጨልሟል። እሷም ጠዋት ከማታ ትለያያለች። ጠብታው አንድ ጠርሙስ አለቀ፤ ካለቀ ድኛለሁ ብዬ ተውሁት። ከኩፓ፣ ከጤና መድኑ ቢሮ፣ ደብዳቤ መጣ፤ በዕብራይስጥ ነው፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ለካሰች ባስነብባት ለአንተ ትነግርሃለች ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። አሁን እዚያ ሦስት አሉ።

ስለ ብርሃኑ እውነቱን ልንገርህ። ሰንበትን ያነሳሁት ሰበብ ፈልጌ ነው። ማታ ማታ ከገንዳው ፊት እቀመጥ ነበር፤ እናትህ ከሞተች ወዲህ ከእኔ ጋር የሚያመሸው እሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን ዓሣዎቹ አልታይ አሉኝ። መዞሪያውን አዞርሁ፤ ታዩኝ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ጠፉብኝ፤ ደግሜ አዞርሁ። አንተ ቀንስ ስትለኝ ቀነስሁ ብዬ ጻፍሁልህ እንጂ አልቀነስሁም። እየጨመርሁ ሄድሁ። በመጨረሻ መዞሪያው አልዞር አለ፤ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዓሣዎቹም አልታዩኝም። ያን ዕለት ማላኪ፣ መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

መለኪያ ብዬ የነከርሁት በእጄ ዳስሼ ያገኘሁትን ገመድ ያለው ነገር ነው። ካሰች አይታ የሬዲዮ ማዳመጫ ነው አለችኝ። መቶ ሃያ ያልሁህም ነርሷ የደሜን ግፊት ስትለካኝ መቶ ሃያ ሲሆን «ያፌ፣ ጎበዝ» ስለምትለኝ ነው። ደግ ቁጥር መስሎኝ ነበር። ልትስቅ ትችላለህ፤ ካሰች ስቃለች፣ ከዚያ አለቀሰች።

ለምን ደበቅህ ብለህ ሳትጠይቀኝ ልመልስልህ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የያዝሁት ነገር አለ።

አያትህ አሳምነው ከአገራችን ከመነሳታችን በፊት ሞቱ ብዬ ነው የነገርኋችሁ። አልሞቱም ነበር። ታውረው ነበር። መሪያችን ዓይነ ስውር ገደሉን አያልፍም፣ ወታደር ይሰማናል፣ ሁላችንንም ያስይዘናል አለ። የገበያ ቀን ነበር። ለገበያ የምንወጣ መስለን ተነሳን። አባቴን ደጅ ድንጋዩ ላይ አስቀምጬ «ነገ ማታ እመለሳለሁ» አልኋቸው። «እሺ ልጄ፣ በደኅና ግባ» አሉኝ። የት እንደምሄድ ያውቁ ነበር። እኔም እንደሚያውቁ አውቅ ነበር። ኢየሩሳሌምን ከእኔ ይልቅ የጸለዩላት እሳቸው ናቸው። ሱዳን እያለን መሞታቸው ተሰማ።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ዓይኔ መድከም ሲጀምር ያየሁት ጨለማውን አይደለም፤ ያን ድንጋይ ነው። ዓይነ ስውር መንገድ ያስቀራል። ሰው እንዲህ ሸክም ሲሆን ትተውት ይሄዳሉ፣ ጥሩ ልጆችም ቢሆኑ። እኔ ጥሩ ልጅ ነበርሁ። ስለዚህ አንተም ካሰችም ባታውቁ ይሻላል አልሁ። ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር።

አባትህ

•

በባሕር ላይ
ዲሴምበር 16 ቀን 2022

አባባዬ፤

ለሬቩታል ዛሬ ደውዬላት ነበር። ደብዳቤ ተቀባይ ብቻ አይደለችም፤ ኩፓ ላይ ጮኻ ለሚቀጥለው ረቡዕ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይዛልዎታለች። አክስቴ ካሰች ትወስድዎታለች። መሳቢያ ውስጥ ያሉትን ሦስቱንም ደብዳቤዎች ይዘው ይሂዱ።

ገንዳውን ለእሷ ይተዉላት። ነጩን ጨርሳ ታጥፋው፤ ሰማያዊውን ወደ ሃያ ታውርደው፤ ከዚያ ማንም አይንካው። የሞተው ይሙት። ስለ እሱ ሁለተኛ አልጠይቅም።

አሁን እኔም የያዝሁትን ልንገርዎ። ስንነሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። አህያዋ ላይ ጭነቱ መካከል ያስቀመጡኝ ፊቴን ወደ ኋላ አዙረው ነው፤ ያስታውሳሉ? እርስዎ ከፊት ይጎትቱ ነበር፣ አንድም ጊዜ አልዞሩም። እኔ አየኋቸው። አያቴ ከድንጋዩ ተነስተው አጥሩን ይዘው ቆሙ። ከዚያ እጃቸውን አነሱና አወዛወዙልን። ግን ወደ እኛ አልነበረም። እኛ ታች ወንዙ ዘንድ ደርሰን ነበር፤ እሳቸው የሚያወዛውዙት ወደ ላይ ወደ ጫካው ነበር። «አባባ፣ አያቴ ተሳስተዋል» ልልዎ ፈለግሁ። የእርስዎ ትከሻ ግን ይንቀጠቀጥ ነበርና ዝም አልሁ።

ሱዳን ከደረስን በኋላ «ከመነሳታችን በፊት ሞተው ነበር» ብለው ሲነግሩን እናቴ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ሁለታችንም ዝም አልን። ሠላሳ ስምንት ዓመት አውቅ ነበር። አንድም ቀን ፈርጄብዎ አላውቅም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ መጮህ ነበረብኝ እያልሁ ነው የኖርሁት።

ያን ጊዜ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ከአህያ መውረድ እንኳ ብቻዬን አልችልም። አሁን አርባ አራት ዓመቴ ነው። መርከቡ ዲሴምበር 31 ኮሎምቦ ይገባል። ካፒቴኑን ልቀቀኝ ብዬ ብለምነው ይለቀኛል፤ ውሌ ግን ይፈርሳል፤ ይህን አልደብቅዎትም። እርስዎ ሁልጊዜ «ሥራህን ያዝ፣ እኔ ደኅና ነኝ» ይሉኛል። አሁንም እንዲያ ካሉ አላምንም፤ ያለ ፈቃድዎ መጥቼ በርዎን ማንኳኳት ግን ከብዶኛል። እውነቱን ይጻፉልኝና እኔ እወስናለሁ።

ማላኪ

•

አሽዶድ፣ ሮቫ ቫቭ
ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 27 ቀን 2022

ልጄ ማላኪ፤

ይህን የምትጽፈው ካሰች ናት፤ የምናገረው እኔ ነኝ። ደብዳቤህንም ያነበበችልኝ እሷ ናት። አያትህ ያወዛወዙበት ቦታ ላይ ስትደርስ ማንበብ አቃታት፤ አባቷም ናቸውና። ከእሷም ደብቄው የኖርሁ መስሎኝ ነበር። እሷም ታውቅ ኖሯል። በአንድ ቤት ይህን ያህል ሰው ሲያውቅ ዝም ያስባለን ምን እንደሆነ እንጃ።

ረቡዕ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ወጣት ናት፣ ኦርሊ ትባላለች። ብርሃን ዓይኔ ውስጥ አስገብታ ብዙ አየች። የግራው ሄዷል አለች። በቀኙ ያለው ግፊት እንዲህ ከቀጠለ እስከ ፋሲካ አይደርስም። በሚቀጥለው ሳምንት፣ ጃንዋሪ 5 ቀን ሐሙስ ጠዋት ቀዶ ጥገና ይደረግልኛል። ከሠመረ ያለችኝን ቀዳዳ ታቆይልኛለች እንጂ አታሰፋትም። ካልሠመረም ነግራኛለች። እኔ ስጠይቃት ዓይኗን አልሰበረችም፤ ለዚህ አመሰግናታለሁ።

ገንዳው ያልኸው ላይ ነው። ካሰች አንድ ቀን በሰማያዊው ብርሃን ቁጭ ብላ «ቤቱ ቀብር መሰለ» አለችኝ፤ ግን አልነካችውም። ከፊት ያሉት ሁለቱ ሞተዋል፤ ጠረኑ ስላስቸገረን አውጥታ ጥላቸዋለች። ሌሎቹ ነጭ ናቸው። ይኖሩ ይሙቱ አናውቅም። ስለ እናትህ ገንዳ በጣም አዝናለሁ።

ስለ መምጣትህ ግን፣ ውል ማፍረስ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ ካሰች አለች፣ ሬቩታል አለች፣ ኦርሊም ጎበዝ ናት ይላሉ። አንተ ሥራህን ያዝ፣ እኔ ደኅና

ካሰች እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «ይህን አልጽፍም» አለችኝ። ተቆጣኋት፤ እኔ የምልሽን ጻፊ አልኋት። «ወንድሜ፣ አባቴንም 'እሺ፣ በደኅና ግባ' አስብለህ ነው የሄድኸው። እሳቸው 'ተው ልጄ፣ አትሂድ' ቢሉህ ትቀር ነበር?» አለችኝ። እቀር ነበር አልኋት። እግዜር ምስክሬ ነው፣ እቀር ነበር። እስክሪብቶውን መልሳ አነሳች። እሺ፣ አሁን የምልሽን ጻፊ አልኋት።

ማላኪ፣ ፈርቻለሁ። ሐሙስ ጠዋት ሳላይህ እዚያ ክፍል መግባት አልፈልግም። ልጄ፣ አትቅር። ና።

አባትህ አንዳርጌ